ሰማዩ ሲሰፋ የሰው ልጅ ያንሳል ወይ?

  

ዛሬ ይዤላችሁ የቀረብኩት ርዕስ ከወትሮው ራቅ ያለ ነው። ስለ ውዱእ ወይም ስለ ዘካ አይደለም፤ ስለ ከዋክብትና በከዋክብቱ ዘንድ ይኖሩ ይሆናል ስለሚባሉ ፍጡራን ነው። ርዕሱን የመረጥኩት የሳይንስ መምህር ሆኜ አይደለም። የአንዲት ልጅ ጥያቄ ዕዳ ስላለብኝ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በረመዳን መጨረሻ ቀናት ዒድን ከእናቴ ጋር ለማሳለፍ ወደ ወሎ ገጠር ወርደን ነበር። ያኔ ዘጠነኛ ክፍል የነበረችው የእህቴ ልጅም አብራን ነበረች። ለሱሁር ተነሥተን እጃችንን ልንታጠብ ወደ ደጅ ስንወጣ ልጅቷ ቀና አለች። ጨረቃ የለች፣ ደመና የለ። አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገች ልጅ ናት፤ የመንገድ መብራት ሸፍኖባት የኖረውን ሰማይ ያን ሌሊት ለመጀመሪያ ጊዜ አየችው። ከዳር እስከ ዳር እንደ ፈሰሰ ወተት የተዘረጋውን የከዋክብት መቀነት እያየች የውኃውን ጆግ ይዛ ቆማ ቀረች። ከዚያ «አጎቴ፣ ይሄ ሁሉ ለኛ ብቻ ነው የተፈጠረው? እዚያ ሌሎች ካሉስ፣ አላህ እኛን ከቁጥር ያስገባናል?» አለችኝ።

እኔ ምን መለስኩ? «ይሄ የሸይጧን ውስዋስ ነው። አዑዙ ቢላህ በዪና ግቢ፤ ሱሁርሽን ብዪ፣ አዛን ሊል ነው» አልኳት። ገባች፣ በላች። ደግማም አልጠየቀችኝም። እኔም ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ከዓመት በኋላ እናቷ «ሰላት ላይ ልቧ የለም፤ ስናገራት በዚህ ሁሉ ዓለም መሐል የኔ ሁለት ረከዓ ምን ቁም ነገር ነው ትለኛለች» ብላ ስትነግረኝ ነው የደነገጥኩት። ጥያቄው ያን ሌሊት አልሞተም። እኔ በር ስዘጋበት ሌላ በር ሄዶ አንኳኳ፤ በስልኳ የምታያቸው ሰዎችም ደስ እያላቸው ከፈቱላት። ሰው ማለት በአንዲት ደቃቅ ድንጋይ ላይ በአጋጣሚ የበቀለ ሻጋታ ነው፣ ማንም አያየውም፣ ማንም አይሰማውም አሏት።

እንግዲህ ዛሬ ያን ሌሊት ልመልስላት ይገባ የነበረውን ልሞክር።

በመጀመሪያ ልጅቷ አላጋነነችም። እንዲያውም ያየችው ጥቂቱን ነው። ብርሃን በአንድ ሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ከፀሐይ ተነሥቶ እኛ ዘንድ ለመድረስ 8 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ያህል ይወስድበታል። ከፀሐይ ቀጥሎ ቅርባችን ከሆነው ፕሮክሲማ ሴንታውሪ ከተባለው ኮከብ ተነሥቶ ለመድረስ ግን ከ4 ዓመት በላይ ያስፈልገዋል። ልጅቷ እንደ ወተት ያየችው መቀነት እኛ ራሳችን የምንኖርበት ጋላክሲ፣ ፍኖተ ሐሊብ ወይም ሚልኪ ዌይ የሚባለው ነው። ብርሃን እሱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ለማቋረጥ 100,000 ዓመት ያህል ይፈጅበታል። በውስጡ ያሉት ከዋክብት ከ100 እስከ 400 ቢሊዮን እንደሚደርሱ ይገመታል። ፀሐያችን ከነዚያ አንዷ ናት፤ ጋላክሲውም ብቻውን አይደለም።

ቮዬጀር 1 የተባለችው መንኩራኩር እ.ኤ.አ. በ1977 ከአሜሪካ ተወንጭፋ ይኸው ግማሽ ምዕተ ዓመት ሊሞላት ነው። ሳትቆም ተጉዛ አሁን ከ25 ቢሊዮን ኪሎ ሜትር በላይ ርቃለች። ይህን ሁሉ መንገድ ብርሃን በአንድ ቀን ገደማ ይጨርሰዋል። በእሷ ፍጥነት ቅርቡ ኮከብ ያለበትን ርቀት ለመሸፈን ከ70,000 ዓመት በላይ ይጠይቃል። በየካቲት 1990 እ.ኤ.አ. 6 ቢሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ሳለ ወደ ኋላ ዞራ ምድራችንን ፎቶ አንሥታ ነበር። ምድር በፎቶው ላይ ከአንዲት ነጥብ ያነሰች ሆና ታየች። መካ እዚያች ነጥብ ውስጥ ናት፣ የእናቴ ጎጆም እዚያው ናት። በመንኩራኩሯ ላይ ምናልባት የሚያገኛት ፍጡር ቢኖር ብለው በ55 ቋንቋዎች የተቀዳ ሰላምታ ጭነውባታል። ዐረብኛ አለበት። አማርኛ ግን የለበትም፤ እኛ ያው እንደ ልማዳችን ሰላምታ ሳንልክ ቀርተናል።

ደግነቱ በሌላ በኩል ስማችን ተነሥቷል። እ.ኤ.አ. በ2019 ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ማኅበር 100ኛ ዓመቱን ምክንያት በማድረግ ሀገሮች አንድ አንድ ኮከብና በዙሪያው የሚዞር ፕላኔት እንዲሰይሙ ጋብዞ ነበር። ኢትዮጵያ ኮከቡን «ቡና»፣ ፕላኔቱን «አቦል» አለችው። ቶናና በረካ ለሚቀጥሉት ተቀምጠዋል ማለት ነው። ኮከብ ቡና ከእኛ ወደ 200 የብርሃን ዓመት ገደማ ይርቃል፤ ያለ መሣሪያ በዓይን አይታይም። ዛሬ በቴሌስኮፕ የሚታየው ብርሃኑ ከዚያ የተነሣው ሀገራችን በዘመነ መሳፍንት ውስጥ ሳለች ነበር። አቦልም እግር የሚያቆም መሬት አይደለም፤ ከጁፒተር የሚከብድ ግዙፍ የጋዝ ፕላኔት ነው። አንድሮሜዳ በሚባለው የከዋክብት ስብስብ አቅጣጫ ይገኛሉ። በዚያው አቅጣጫ፣ እጅግ ርቆ፣ የፋርሱ ሙስሊም ሊቅ ዐብዱረሕማን አስ-ሱፊ ከ1,000 ዓመት በፊት፣ በ964 እ.ኤ.አ. አካባቢ፣ ያለ ቴሌስኮፕ አንዲት ትንሽ ደመና አይቶ በከዋክብት መጽሐፉ ላይ መዝግቧት ነበር። ደመናዋ 2.5 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት የምትርቅ ሌላ ሙሉ ጋላክሲ መሆኗ የታወቀው ባለፈው ምዕተ ዓመት ነው። አስ-ሱፊ ይህን በማየቱ ኢማኑ አልተነካም፤ ቀና ብሎ ማየትንም ማንም ውስዋስ ነው አላለውም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄዋ እንምጣ። እዚያ ሌሎች አሉ ወይ?

በሰው እጅ ያለው እውቀት ይህ ነው። በ1995 እ.ኤ.አ. ሁለት የስዊዘርላንድ ተመራማሪዎች ፀሐያችንን የሚመስል ኮከብ የሚዞር ፕላኔት አገኙ፤ ለዚህም በ2019 የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። በ2025 የተረጋገጡት ፕላኔቶች ቁጥር ከ6,000 አለፈ። አብዛኞቹ ለሕይወት የሚመቹ አይደሉም። ወይ እንደ እቶን ይነዳሉ፣ ወይ በረዶ ናቸው፣ ወይ እንደ አቦል ጋዝ ናቸው። ከ1960 ጀምሮ ደግሞ ምናልባት ሥልጡን ፍጡር የራዲዮ ሞገድ ይልክ እንደሆነ ብለው የሚያዳምጡ ሰዎች አሉ። የመጀመሪያው ፍራንክ ድሬክ የተባለ አሜሪካዊ ነው፤ አንቴናውን ወደ ሁለት ከዋክብት አዙሮ አዳመጠ፣ ምንም አልሰማም። በነሐሴ 1977 እ.ኤ.አ. በኦሃዮ 72 ሰከንድ የቆየ ብርቱ ሞገድ ተመዘገበ። ወረቀቱን ያየው ሰው ከመገረሙ የተነሣ በቀይ ብዕር ጠርዙ ላይ የመደነቅ ቃል ጻፈበት። ከዚያ በኋላ ያ ሞገድ ተደግሞ አልተሰማም። በሚያዝያ 2025 ደግሞ በ124 የብርሃን ዓመት ርቀት ባለች ፕላኔት አየር ላይ የሕይወት ምልክት ሊሆን የሚችል ጋዝ ፍንጭ አየን የሚል ዜና መጣ፤ ወዲያው ሌሎች ተመራማሪዎች ማስረጃው አይበቃም ብለው ተከራከሩት። በአጭሩ ከምድር ውጭ አንዲት የሻጋታ ቅንጣት እንኳ ስለመኖሯ እስካሁን የተረጋገጠ ነገር የለም። እንግዲህ የሉም ብሎ መማልም፣ አሉ ብሎ መማልም ከእውቀት አይደለም። አንዳንድ ወንድሞች በሰማይ ታዩ የሚባሉት በራሪ ነገሮች ሁሉ ጂኖች ናቸው ሲሉ እሰማለሁ። ያለ ማስረጃ በጂን ማሳበብም ያለ ማስረጃ መናገር ነው።

ታዲያ ቁርኣን ምን ይላል? በሱረቱ አሽ-ሹራ አንቀጽ 29 ላይ አላህ (ሱ.ወ) ሰማያትንና ምድርን መፍጠሩን፣ በሁለቱም ውስጥ ተንቀሳቃሽ ፍጡራንን መበተኑን፣ በሚሻም ጊዜ እነርሱን በመሰብሰብ ላይ ቻይ መሆኑን ይነግረናል። እዚህ ላይ የመጣው ቃል «ዳባህ» ነው፤ በመሬት ላይ የሚንቀሳቀስ ነፍስ ያለው ሁሉ የሚጠራበት ቃል ነው። በ538 ዓመተ ሂጅራ የሞቱት ዘመኽሸሪ ይህን አንቀጽ ሲያብራሩ፣ ሰው በምድር ላይ እንደሚራመድ ሁሉ በሰማያት የሚራመዱ ፍጡራንን አላህ ፈጥሮ ቢሆን የሚያስገርም እንዳልሆነ ጽፈዋል። ኢብን ከሲር ደግሞ ቃሉ መላኢካን፣ ሰዎችን፣ ጂኖችንና እንስሳትን ሁሉ እንደሚያጠቃልል ያስረዳሉ። እንግዲህ ልብ በሉ፤ እነዚህ ሰዎች ቴሌስኮፕ አላዩም፣ የኤሊያን ፊልም አላዩም። አንቀጹን አንብበው በሩን ግን አልዘጉም። እኔ ነኝ የዘጋሁት።

በሌላ በኩል ቁርኣን ከ1,400 ዓመት በፊት ሥልጡን የሰማይ ሰዎችን አብስሯል እያሉ በዚህ አንቀጽ ላይ ትልቅ ሕንጻ የሚገነቡትንም አልከተልም። አንቀጹ ያንን አላለም። ከኢብን ዐባስ ስለ ሰባቱ ምድሮች የተላለፈ፣ በየምድሩ ነቢይ አለ የሚል ንግግርም ይጠቀሳል። በይሀቂ ሰነዱን ቢቀበሉትም ንግግሩ ከሌሎች ዘገባዎች ተነጥሎ የወጣ መሆኑን አመልክተዋል፤ ኢብን ከሲርም ከኢስራኢሊያት የተወሰደ ሊሆን እንደሚችል ጠቁመዋል። እንዲህ ባለ ነገር ላይ ዐቂዳ አይገነባም። አላህ የማናውቀውን እንደሚፈጥር በሱረቱ አን-ነሕል አንቀጽ 8 ነግሮናል፤ የማናውቀው የተባለውን እናውቀዋለን ማለት አይገባንም።

ሙስሊም ቤት ውስጥ ያደገ ሰው ግን በዚህ ጉዳይ ሊደናገጥ አይገባውም ነበር ብዬ አስባለሁ። እኛ መቼ ብቻችንን ነን ብለን እናውቃለን? ከእኛ ሌላ የሚያስብ፣ የሚታዘዝና የሚያምፅ፣ የሚጠየቅም ፍጡር እንዳለ ከሕፃንነታችን ጀምሮ ተምረናል። ጂኖች ቁርኣን ሰምተው እንዳመኑ የሚናገር አንድ ሙሉ ሱራ አለን። መላኢካን ቁጥራቸውን የሚያውቅ ጌታቸው ብቻ ነው። በዚህ ሁሉ ሕዝብ መሐል ሰው ከአላህ እዝነት ድርሻው ቀነሰ ያለ አንድም ዓሊም አልሰማሁም። ታዲያ በአንድሮሜዳ በኩል አንድ ሕዝብ ቢጨመር ምን ይቀንሳል?

በሱረቱል ኢስራእ አንቀጽ 70 አላህ የአደምን ልጆች ማክበሩን ይናገራል። ይህን አንቀጽ ሁላችንም እንወደዋለን፣ በየኹጥባው እንጠቅሰዋለን። መጨረሻው ላይ ያለውን አንድ ቃል ግን እናልፈዋለን። አላህ የአደምን ልጆች አበለጥናቸው ያለው ከፈጠራቸው ከብዙዎቹ ነው። ከሁሉም አላለም። ሙፈሲሮች ሰው ይበልጣል ወይስ መላኢካ ብለው የተከራከሩት ለዚህ ነው። በሱረቱ ጋፊር አንቀጽ 57 ላይም የሰማያትና የምድር አፈጣጠር ከሰዎች አፈጣጠር እንደሚበልጥ፣ ግን አብዛኛው ሰው ይህን እንደማያውቅ ተነግሮናል። አደም ኸሊፋ የተደረገውም በሱረቱል በቀራህ እንደምናነበው በምድር ላይ ነው፤ በጋላክሲዎች ሁሉ ላይ አይደለም። ሰው የፍጥረት ሁሉ መሐል ነው፣ ሁሉም ነገር በእሱ ዙሪያ ይሽከረከራል የሚለውን ነገር እኛ ነን ከየትም አምጥተን ከእምነታችን ጋር የሰፋነው። ሰማዩ ሲሰፋ የተቀደደው ይህ የኛ ስፌት ነው፤ ቁርኣን አይደለም።

የሰው ክብር በግዙፍነቱ ቢሆን ኖሮ ዝሆን ይበልጠን ነበር፣ ተራራ ይበልጠን ነበር። በሱረቱል አሕዛብ አንቀጽ 72 አማናው ለሰማያት፣ ለምድርና ለተራሮች ቀርቦ እንደነበር፣ እነርሱ ከመሸከም አፈግፍገው ሰው እንደተሸከመው ተነግሮናል። 400 ቢሊዮን ኮከብ ያልተሸከመውን ነገር አንዲት ዘጠነኛ ክፍል ያለች ልጅ ተሸክማለች ማለት ነው። ያን ሌሊት ያስጨነቃትም ይኸው ሸክም ይመስለኛል። ኮከብ ስለ ራሱ ትንሽነት አይጨነቅም።

ከቁጥር ያስገባናል ወይ ያለችው ነገርስ? እዚህ ላይ የምንሳሳተው አላህን በራሳችን ስለምንለካው ነው። እኛ ብዙ ሰው ሲያናግረን ይምታታብናል። አሥር ልጅ ያለው አባት ስም ያሳስታል፤ አንዱን ሲያዳምጥ ሌላው ያመልጠዋል። ለአላህ ግን ምሳሌ የለውም። በሱረቱል አንዓም አንቀጽ 59 ቅጠል እንኳ እሱ ሳያውቃት እንደማትረግፍ ተነግሮናል። በ2024 ሐጅ ላይ ከ1.8 ሚሊዮን በላይ ሰዎች በዐረፋ ቆመዋል። በአንድ ቀን፣ በአንድ ሜዳ፣ በስንት ቋንቋ ዱዓ ሲደረግ፣ አንዱ በዐረብኛ ሲያለቅስ ሌላው በኦሮምኛ፣ ሌላው በኡርዱ፣ የአንዱ ዱዓ የሌላውን ይሸፍነዋል ብሎ የፈራ ሐጂ አለ? አሮጊቷ እናቴ «በጨለማ ሌሊት በጥቁር ድንጋይ ላይ የምትሄደውን ጥቁር ጉንዳን የሚያይ» ትላለች፤ እናቶቻችን ሁሉ የሚሉት ነው። እኔ ቃሉን ስለለመድኩት አልሰማውም ነበር። በሰማዩ ስፋት የተጨነቀችውን ልጅ በዚህች ጉንዳን ማረጋጋት ይቻል ነበር፤ እናቴ ያን ሌሊት ጥያቄውን ብትሰማ ከእኔ የተሻለ ትመልስ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ሁለት ረከዓ ምን ቁም ነገር ነው ላለችውም እንዲሁ። በየረከዓው ፋቲሓን እንቀራለን። በፈርድ ሰላቶች ብቻ በቀን 17 ጊዜ አላህን የዓለም ሳይሆን የዓለማት ጌታ ብለን እንጠራዋለን። አንዳንድ ሙፈሲሮች ዓለማት የተባሉት ሰዎችና ጂኖች ናቸው ይላሉ፤ ሌሎች ደግሞ ከአላህ ውጭ ያለ ሁሉ ነው ይላሉ። በ606 ዓመተ ሂጅራ የሞቱት ፈኽሩዲን አር-ራዚ በተፍሲራቸው ይህችን ቃል ይዘው፣ አላህ ከዚህ ዓለም ውጭ ሺህ ጊዜ ሺህ ዓለማትን ለመፍጠር እንደሚችል ጽፈዋል። እንግዲህ ልጅቷ የተጨነቀችበትን ነገር ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ በምላሷ ስትለው ኖራለች። እኛ ትርጉሙን አልነገርናትም እንጂ።

በጥቅምት 2007 እ.ኤ.አ. ሼይኽ ሙዘፈር የተባለ ማሌዥያዊ ሐኪም በረመዳን ወደ ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ወጥቶ ነበር። ጣቢያው በ24 ሰዓት ውስጥ ምድርን 16 ጊዜ ያህል ይዞራል፤ ጧትና ማታ በየ90 ደቂቃው ይፈራረቃል። የሀገሩ ዑለማዎች ከመሄዱ በፊት ተሰብስበው የሰላቱን ነገር መከሩለት። ከቻለ ወደ ካዕባ፣ ካልቻለ ከካዕባ በላይ ወዳለው አቅጣጫ፣ ካልቻለ ወደ ምድር፣ ይህም ካልሆነለት በተመቸው በኩል ይስገድ አሉ። ምድርን ከሩቅ ያየ ሰው ሰላትን ሲያቃልል ሳይሆን ምድርን ቂብላ አድርጎ ሲሰግድ ማለት ነው።

ወላጆች ሆይ፣ አሁን ለእናንተ ልመለስ። ሰሓቦች ወደ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) መጥተው በውስጣችን ለመናገር እንኳ የሚከብደን ነገር ይመጣብናል ብለው ነበር። ዝም በሉ አላሏቸውም። ያንን መክበዱን የኢማን ምልክት አድርገው ነገሯቸው፤ ሙስሊም ዘግበውታል። እኔ ግን ለአንዲት ልጅ ጥያቄ ያለኝ መልስ የአዛን ሰዓት ነበር።

እናቷ ያን ከነገረችኝ በኋላ ልጅቷን ጠርቼ አፉ በይኝ አልኳት። መጀመሪያ የምን እንደሆነ ያልገባት መሰለች፤ ቆይታ ግን «የጆጉ ሌሊት ነው?» አለችኝ። አልረሳችውም። ከዚያ ወዲህ በየጊዜው እንቀመጣለን። ሁሉም ነገር ተቃና አልላችሁም፤ አንዳንድ ቀን ትሰግዳለች፣ አንዳንድ ቀን እናቷ ትቀሰቅሳታለች። ባለፈው የአሽ-ሹራን አንቀጽ አብረን ካነበብን በኋላ ትንሽ አሰበችና «አጎቴ፣ እዚያ ያሉት ካሉ ቂብላቸው ወዴት ይሆን?» አለችኝ። አላሁ አዕለም አልኳት። «እሱስ እውነት ነው» አለችና ሳቀች። «ግን ዛሬ አልተቆጡኝም።»